ዓሣም ይቀነጭራል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሥራህ ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። ሥራዬ የዓሣ ጆሮ ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ቀለበት መቁጠር ነው። እናቴ ከሐዋሳ ስትደውል እስካሁን «ልጄ፣ ዛሬስ ስንት ቆጠርክ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ጎረቤት ሲጠይቃት ግን «ላብራቶሪ ነው የሚሠራው» ብላ ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። ዛሬ በእናንተ ፊት ስሜን ላጸዳ ነው የመጣሁት።

አገር ቤት ልጅ ያሳደጋችሁ ጤና ኤክስቴንሽኗን ታስታውሳላችሁ። ከቦርሳዋ አንድ ቀጭን መለኪያ ታወጣለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለው። የሕፃኑ ክንድ ላይ ትጠመጥመዋለች። ቀዩ ላይ ካረፈ ነገር አለ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ጓዳ ገብታ ዱቄት አልሰፈረችም። የጉድጓዱን ውኃ አልመረመረችም። አባትየውን ደመወዝህ ስንት ነው አላለችም። ምግቡ አንሶ ሊሆን ይችላል፣ ውኃው ቆሽሾ፣ ተቅማጥ ተመላልሶበት፣ ወይም የሆድ ትል ይዞት። የትኛው እንደሆነ ክንዱ አይነግራትም። እዚያ ቤት አንድ ችግር እንዳለ ግን ታውቃለች።

እኔም ከዓሣ ጋር የምሠራው ይህንኑ ነው። ባሕር ሰፊ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ሁሉን ልመርምር ቢሉት አያልቅም። ዓሣው እዚያው ውሎ እዚያው ያድራል። የበላውም ያጣውም፣ የተነፈሰውም የታፈነበትም ሰውነቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ «ስንት ዓሣ አለ?» ከማለት በፊት «ያሉት እንዴት እያደጉ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደምል ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቅ ባሕር ላሳያችሁ። ሁላችንም በጋ ሲመጣ ልጆቻችንን ይዘን ዳርቻው ላይ የምንቀመጥበት የባልቲክ ባሕር ነው፤ ስዊድኖቹ ኦስተርሾን የሚሉት። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ኋላ ሂሳብ ላይ እንዳንጣላ።

የዚህ ባሕር ንጉሥ ቶርስክ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ኮድ የሚባለው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ዘወትር ከሱፐርማርኬት የምትገዙት ያ ነጭ ሥጋ ማለቴ ነው። ዛሬ የምትገዙት በአብዛኛው ከኖርዌይ በኩል የመጣ ነው። ድሮ ግን ምሥራቅ ባልቲክ ራሱ ሞልቶ ይፈስ ነበር። በ1984 ብቻ ከ350 ሺህ ቶን በላይ ተይዟል። ከ2019 ሐምሌ ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ቶርስክን እዚያ አስቦ ማጥመድ ከልክሏል። ክልከላው እስከ ዛሬ አልተነሣም፣ ዓሣውም አላገገመም።

በመሐል ምን ሆነ? ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ድንጋዩን ላሳያችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቶርስክ ከነጭንቅላቱ ገዛሁና ወጥ ቤት ገባሁ። ከዓይኖቹ ትንሽ ወደ ኋላ ቢላዋውን አሳርፌ የራስ ቅሉን እንደ ክዳን አነሣሁት። ከአንጎሉ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ትንሽ ጎበጥ ያሉ ናቸው፣ ጠርዛቸው ተከርክሯል፣ ሲያዩአቸው የተላጠ ባቄላ ይመስላሉ። ልጄ አጠገቤ ቆማ «ጥርሱ ነው?» አለችኝ። ጥርስ አይደለም፤ ዓሣው ሚዛኑን የሚጠብቅበትና ድምፅ የሚሰማበት ነው። አንዱን መሐሉ ላይ ቀጭ አድርጌ ሰበርኩት። የተሰበረውን ፊት ሻማ ላይ ጠበስ አደረግኩና ጠብታ ዘይት ቀባሁት። በማጉያ መነጽር ሲታይ ቡናማ ቀለበቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል፣ ልክ እንደተቆረጠ ሽንኩርት። ልጄ አምስት ቆጠረች። ከዚያ ዓሣውን አልበላም አለች፤ «አምስት ዓመቱ ነው፣ እኩያዬ ነው» ብላ።

እንግዲህ በበጋ ዓሣው ሲጠግብ ሰፊ ቀለበት ያበቅላል። በክረምት ቀጭን። በሁለት ክረምት መሐል ያለው ቦታ ሰፊ ከሆነ ያ ዓመት ደግ ነበር፤ ከጠበበ ክፉ ነበር። ራይቢሽ የሚባል ጀርመናዊ በ1899 የዓሣን ዕድሜ ከዚህ ድንጋይ አንብቦ ነበር፤ ስለዚህ ዘዴው አዲስ አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። ሰውነት ሲራብ ከራሱ ላይ ይበላል፤ ስቡ ይሄዳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። ይህ ድንጋይ ግን አይነካም። አንዴ የተጻፈበት እስከ ዕለተ ሞቱ ይቆያል። ለዚህ ነው የዓሣ ምርምር ተቋማት ድንጋዮቹን በትናንሽ ፖስታ እያደረጉ ለአሥርት ዓመታት የሚያስቀምጡት።

አሁን ወደ ባልቲክ እንመለስ።

በ2010 አካባቢ ወሬው ሁሉ ደስ የሚል ነበር። ቁጥሩ ተመልሷል፣ ቶርስኩ አገገመ ተባለ። የሚፈቀደው የማጥመጃ መጠንም ከፍ ተደረገ። አጥማጆቹ ግን መረባቸውን ሲያወጡ የሚያዩት ሌላ ነበር። ዓሣ አለ፣ ትልቅ ዓሣ የለም። ያለውም ከስቷል፤ ራሱ ትልቅ፣ ሰውነቱ ጅማት። የጤና ባለሙያዎች ሁለት ቃል አሏቸው። ቁመት ለዕድሜ ሲያንስ መቀንጨር፣ ክብደት ለቁመት ሲያንስ መቀጨጭ። ቶርስኩ ሁለቱንም ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመራባት ሲደርስ ቁመቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ይጠጋ ነበር። አሁን 20 ገደማ ሆኖ ይራባል። እስቲ አስቡት፤ በመዳፍና በክንድ መሐል ያለ ልዩነት ነው።

በ2014 ሳይንቲስቶቹ የተለመደውን የቁጥር ግምት መሥራት አቃታቸው። ለምን ብትሉ፣ የዚህ ባሕር ቶርስክ ቀለበቱ ደብዝዞ ዕድሜው አልነበብ አለ። ሁለት አንባቢ አንድ ድንጋይ አይቶ አንዱ ሦስት ዓመት ነው ይላል፣ ሌላው አምስት። በእንዲህ ያለ ንባብ ላይ ነበር ያ ሁሉ «አገገመ» የተገነባው። እኔ በሙያዬ የማፍርበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ቁጥሩ ላይ ስንከራከር ዓሣው ዓይናችን እያየ ሲመነምን ከረመ።

ምክንያቱስ? አንድ አይደለም፤ አንድ ነው የሚላችሁን አትመኑት።

መጀመሪያ አየር። ባልቲክ እንደ ሌላ ባሕር አይደለም። ከላይ ከወንዞች የሚገባ ጨው የሌለው ቀላል ውኃ አለ፣ ከታች ጨዋማና ከባድ ውኃ ተኝቷል፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም። ለታችኛው አየር የሚደርሰው ከሰሜን ባሕር ትልቅ የጨው ውኃ በዴንማርክ ጠባብ መተላለፊያዎች ሲገባ ነው። ይህ ደግሞ እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፤ በ1993፣ በ2003፣ በ2014 መጥቷል። በዚህ ላይ ከየእርሻው ማዳበሪያ ታጥቦ ይገባል። አልጌው ይፈላል፣ ሞቶ ይወርዳል፣ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በ1900 አካባቢ አየር ያጠረው ወለል 5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በቅርብ ዓመታት ከ60 ሺህ በላይ ሆኗል። የጣና ሐይቅ 3 ሺህ ገደማ ነው፤ ሃያ ጣና ማለት ነው። እዚያ ጭቃ ላይ የሚኖሩት ባለ ቅርፊት ትንንሽ ፍጥረታት ሲያልቁ የቶርስኩ ጓዳ ተራቆተ።

እዚህ ላይ ያ ድንጋይ አንድ ተአምር ይሠራል። ወለሉ አየር ሲያጣ ከጭቃው ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ወደ ውኃው ይለቀቃል። ዓሣው ውስጥ ይገባና ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ካሪን ሊምበርግና ሚኬሌ ካሲኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች ድንጋዮቹን በኬሚስትሪ አንብበው የትኛው ዓሣ በታፈነ ውኃ ውስጥ እንደኖረ ለዩ። ብዙ የታፈነው ከስቶ ተገኘ። ዓሣው መስካሪ ሆነ እኮ! የት እንደነበረ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ከሞተ በኋላ ተናገረ።

ሌላው ትል ነው። ግራጫው አቆስጣ፣ ማለትም የባሕር ውሻ የሚሉት፣ በአደንና በመርዝ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ አሁን ደህና በዝቷል። እሰየው ነው። ግን በእሱ ሆድ የሚራባ ትል አለ፤ መጨረሻ የቶርስክ ጉበት ላይ ይሰፍራል። የምግቡም ነገር አለ። ቶርስኩ ደቡብ ላይ ሲቀር የሚበላቸው ትንንሾቹ ዓሦች በብዛት ወደ ሰሜን ሄዱበት።

የመጨረሻው መረቡ ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው። መረብ ትልቁን ይይዛል፣ ትንሹን ያሳልፋል። ሕጉም የተሠራው ለደግ ነበር፤ ልጁ ይደግ ተብሎ ከ38 ሳንቲ ሜትር በታች ያለው እንዳይያዝ። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ማን ይተርፋል? ቀስ ብሎ የሚያድገው። ትንሽ ሆኖ ቶሎ የወለደው። በ2025 ኪል፣ ጀርመን ካለው ጂኦማር የተሰኘ የባሕር ምርምር ተቋም አንድ ጥናት ወጣ። ከቦርንሆልም ደሴት አካባቢ ከ1996 እስከ 2019 የተያዙ 152 ቶርስኮች ተመረመሩ። በፖስታ የተቀመጡት ድንጋዮች የእያንዳንዱን ዕድገት ነገሩ፣ ዲኤንኤው ደግሞ ዘሩን። ዓሣው ሊደርስበት የሚችለው ቁመት በእነዚያ ዓመታት 48 በመቶ ቀንሷል። ዘሩም አብሮ ተቀይሯል። ረሃብ ያቀጨጨውን ሕፃን ብታበሉት ያገግማል። በትልቅነት የሚታወቅ ወገን ከዘሩ ተመንጥሮ ሲወጣ ግን መረቡን መሰብሰብ ብቻውን አይመልሰውም። ለዚህ ይመስለኛል ክልከላው ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ቶርስኩ ያልተነሣው። በነገራችን ላይ ያ 38 በ2015 ወደ 35 ዝቅ ተደርጓል። ልጁ ሲቀነጭር መለኪያውን አሳጠሩት እንደማለት ነው።

እስካሁን ስሰብክ ቆየሁ፤ አሁን ራሴን ልቃወም። ዕድገት ተንኮለኛ ነው። ዓሣ ሲያልቅ የተረፉት ጥቂቶች ምግቡን ብቻቸውን ስለሚያገኙት ቶሎ ሊያድጉ ይችላሉ። ያን አይቶ «ባሕሩ ጤነኛ ነው» የሚል ሰው ግማሹ ቤተሰብ ሲሰደድ የቀሩት ስለጠገቡ ቤቱ ተሻለው እንደሚል ነው። በሌላ በኩል ኩሬ ቆፍራችሁ ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉትን ዓሣ፣ ያረባችሁ ታውቃላችሁ፤ ከተጨናነቀ መዳፍ ሳያክል ይወልዳል። ውኃው ምንም አልሆነም፣ በዝተው ነው።

ቀለበቱም አገሩን ይመስላል። እኔ ያደግኩበት ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በረዶ የለም፣ እንደዚህ አገር ያለ ክረምትም የለም። ታዲያ ዓሣው ምኑን ይቆጥራል? በ2000 በወጣ ጥናት ደመቀ አድማሱ የሚባል ተመራማሪ ከአንድ ካናዳዊ ባልደረባው ጋር የሐዋሳ ቆሮሶ በዓመት ሁለት ቀለበት እንደሚያበቅል አሳይቷል። ይህን ሳያውቅ የሚቆጥር የሁለት ዓመቱን አራት ይለዋል። ያኔ ደህና ያደገው ዓሣ የቀነጨረ ይመስላል። ልጆች ሆነን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ በአጥማጆች ጀልባ ሥር ስንሯሯጥ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከእኛ ጋር ለአንጀት ሲሻሙ፣ ከእግራችን ሥር በተጣሉት ጭንቅላቶች ውስጥ ይህ ሁሉ ጽሑፍ እንዳለ ማን ነግሮን!

ስለዚህ እኔና መሰሎቼ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ከቁጥሩ ጎን የዓሣው ቁመት ለዕድሜው፣ ክብደቱ ለቁመቱ በየዓመቱ ይመዝገብ፤ ሲወርድ ደግሞ ቁጥሩ እስኪወርድ አይጠበቅ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቀዩን አይታ «ልጁ እስካሁን አልሞተም» ብላ ወደ ቤቷ አትሄድም።

ቡናው እየተቆላ ነው፤ ሽታው ከእኔ ንግግር በላይ እየጎተታችሁ እንደሆነ ይታየኛል። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ማጉያ መነጽርና ስድስት ድንጋዮች አስቀምጫለሁ። አምስቱ ቀላል ናቸው፣ ልጆችም ይቆጥሯቸዋል። ስድስተኛው ከባልቲክ ነው። እኔ ሦስት ቀለበት አለው እላለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ አራት ብላ ድርቅ ብላለች። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ እያያችሁ የቆጠራችሁትን በወረቀት ጻፉልኝ፤ ሰኞ ጠዋት ይዤላት እገባለሁ።