ቤቲ ዋይት እምቢ ያለችበት ዓመት

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ቃል የገባሁላችሁ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይቆየን፤ ዛሬ ስለ እሱ ብናገር አፌ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ሰሞኑን የአሜሪካዊቷን ተዋናይት የቤቲ ዋይትን የቆዩ ቃለ መጠይቆች በተከታታይ ሳዳምጥ ሰንብቼ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዲት ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ ብላ አስቸግራኛለች።

ንግግሯ አጭር ናት። ባሏ አላን ሉደን ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እሷ ዘጠና ዓመት ካለፋት ወዲህ፣ ስለ ጸጸት ስትጠየቅ፣ አብረን ልንኖርበት የምንችለውን አንድ ሙሉ ዓመት አላገባህም እያልኩ አባከንኩት የሚል መልስ ሰጠች። ከሰባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን የኖረች፣ ሁለት ጊዜ ትዳሯ የፈረሰ፣ የራሷ ዝግጅት የተሰረዘባት፣ ጓደኞቿን አንድ በአንድ የቀበረች ሴት ናት። ከዚያ ሁሉ መካከል ለይታ ያወጣችው ያንን አንድ ዓመት ነው። እኔ ደግሞ ዓመቱ የባከነ አይመስለኝም። ስለ ራሷ ሕይወት የተናገረችውን ሰው እኔ ማን ሆኜ ነው የምከራከረው? ሆኖም ክርክሩ ከጀመረኝ ሳምንት አልፎታል፤ እናንተም የእኔን መዘግየት ስለምታውቁ ለምን እንደያዘኝ ትረዱኛላችሁ።

እስቲ ያንን ዓመት ቀስ ብለን እንየው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሉደን ፓስወርድ የተባለው፣ በአንድ ቃል ፍንጭ የተደበቀን ቃል የሚያስገምተው የቴሌቪዥን ውድድር አቅራቢ ነበር። ዝግጅቱ በ1961 ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ እንግዶች አንዷ ቤቲ ነበረች። በዚያው መጸው የሉደን ሚስት በካንሰር ሞተች፤ ሦስት ልጆች ይዞ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በጋ እሱና ቤቲ በማሳቹሴትስ በአንድ ቲያትር አብረው ተወኑ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ቤቲ ራሷ ደጋግማ ተርካዋለች። ሰላምታ መስጠቱን ትቶ፣ ባገኛት ቁጥር በሰላምታ ፈንታ ታገቢኛለሽ ወይ ይላት ጀመር። ቀለበት ገዝቶ አቀረበላት፤ አልቀበልም አለች። እሱም ቀለበቱን ወደ መጣበት አልመለሰውም፣ ኪሱም ውስጥ አልደበቀውም፤ በሐብል አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፣ እስክትቀበይኝ ድረስ ከአንገቴ አይወርድም አላት።

እዚህ ላይ ነው ደጋግሜ የምቆመው። አንድ ሰው እምቢታሽን አንገቱ ላይ አስሮ ፊትሽ ሲቀመጥ፣ እራት ሲበላ፣ ሲስቅ፣ ስለ ሥራ ሲያወራ፣ ዓይንሽን የት ታሳርፊዋለሽ? እሷ ይህን ስትተርክ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ተመልካቹም አብሯት ይስቃል፤ ተረኳ በእርግጥም ያስቃል። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ አስቂኝ የነበረ አይመስለኝም። እሷ አርባ ዓመቷ ነበር። ቤቷ ካሊፎርኒያ፣ ሥራዋ ካሊፎርኒያ፣ ወላጆቿም እዚያው ነበሩ፤ የእሱ ሥራና ልጆች ደግሞ በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ኒው ዮርክ አካባቢ። እንዲያውም ኤንቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ቱዴይ በተባለው የጠዋት ዝግጅቱ ላይ ያቀረበላትን ሥራ ሳትቀበል የቀረችው ኒው ዮርክ ተዛውሬ አልኖርም ብላ ነበር። እንግዲህ ለሥራ ያልተወችውን አገር ለአንድ ሰው እንድትተው፣ እናታቸውን ገና ለቀበሩ ልጆችም እንጀራ እናት እንድትሆን ነበር የምትጠየቀው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአንድ ቀን ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ማነው?

ፋሲካ ሲደርስ ሉደን ነጭ የጥንቸል አሻንጉሊት ላከላት፤ በጆሮዎቹ ላይ አልማዝ ያለበት የወርቅ ጉትቻ ተሰክቶ፣ እባክሽ እሺ በይኝ የሚል መልእክት ተያይዞ ነበር። የዚያን ዕለት ሲደውልላት ስልኩን አንሥታ ሄሎ በማለት ፈንታ እሺ አለችው። ከዓመታት በኋላ ስትናገር፣ ልቧን ያሸነፈው ጥንቸሉ እንጂ ጉትቻው እንዳልነበረ ትምላለች፤ ለእንስሳት የነበራትን ፍቅር የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ጁን 14 ቀን 1963 ተጋቡ። ጁን 9 ቀን 1981 ሉደን በጨጓራ ካንሰር ሞተ፤ አሥራ ስምንተኛው የጋብቻ በዓላቸው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ብቻዋን ኖረች፣ ሌላም አላገባችም። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የእሷ ሂሳብ ይገባኛል፤ ዐሥራ ስምንት እንኳ ያልሞላለት ሰው አንዲት ዓመት ብትጨመርለት ምን ያህል ትሆንለት ነበር።

ቢሆንም ሂሳቡ የተሠራው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። በ1962 እሱ መቼ እንደሚሞት የሚያውቅ አልነበረም። እሷ በእጇ የነበረው መረጃ ያለፉት ሁለት ትዳሮቿ ነበሩ። የመጀመሪያው በ1945 ነበር፤ አውሮፕላን አብራሪ አግብታ ኦሃዮ ወደሚገኝ የዶሮ እርባታ ሄደች፣ ዓመትም ሳይሞላ ተመለሰች። የሁለተኛው ባሏ ሥራዋን ትታ ቤት እንድትቀመጥ ይፈልግ ነበር፤ በ1949 ተለያዩ። አስቡት፤ ያኔ በቀላሉ እሺ ብላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሟን የምንጠራበት ምክንያት አይኖርም ነበር። በዚያው በ1949 ነው ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቀጥታ ስርጭት፣ በቀን አምስት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ስድስት ቀን ካሜራ ፊት መቆም የጀመረችው። ጽሑፍ የለም፣ ልምምድ የለም፤ ስልክ ቢደወል ስልኩ፣ ውሻ ቢገባ ውሻው የዝግጅቱ አካል ይሆናል። በኋላ ለቀልድ የነበራትን ፍጥነት ያየ ሰው ተፈጥሮ ነው ይላል፤ እኔ ግን እነዚያን ሰዓቶች አስባለሁ። ከዚያ ላይፍ ዊዝ ኤልዛቤት መጣ፤ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ዋና ተዋናይም ከፕሮዲዩሰሮቹም አንዷ የሆነችበት ሲትኮም፣ ማለትም ተከታታይ የቀልድ ድራማ። በዚያ ዘመን ሴት ከካሜራው ጀርባ ስትወስን የሚያይ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1954 በኤንቢሲ በስሟ የሚጠራ የቀን ዝግጅት ነበራት። አርተር ደንከን የተባለ ወጣት ጥቁር የታፕ ዳንስ (በጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፍሩት ዳንስ) ባለሙያን በመደበኛነት ታቀርብ ነበር። በደቡብ ግዛቶች የነበሩ ጣቢያዎች እሱ ካልተነሣ ዝግጅቱን አናስተላልፍም ብለው አስፈራሩ። እሷ ይቅርታ፣ እሱ ይቆያል፣ ቻሉት የሚል መልስ ሰጠች፤ የሚታይበትንም ጊዜ ጨመረችለት። ዝግጅቱ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ብዙ ሰው ሁለቱን ነገሮች በአንድ መስመር አያይዞ ይተርካቸዋል፤ እኔ ግን የስርጭት ሰዓቱ ከቦታ ቦታ መዛወሩም ጎድቶት ሊሆን እንደሚችል ስለማስብ እንደዚያ አልደፍርም። ልቤን የሚነካው ፍጥነቷ ነው። አላመነታችም፤ ዓመት አልፈጀባትም። ያቺው ሴት ናት ከስምንት ዓመት በኋላ የምትወደውን ሰው ስታስጠብቅ የከረመችው። ደንከን በኋላ በሎውረንስ ዌልክ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ለብዙ ዓመታት ጨፈረ፤ ሁለቱ በ2017 በቴሌቪዥን ዳግም ሲገናኙ የሚያሳየውን ምስል ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ ያላያችሁት ፈልጉት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሉደን ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1985፣ ጎልደን ገርልስ የተባለው ሲትኮም ተጀመረ። አራት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ማያሚ ውስጥ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው። የኤስቴል ጌቲን ነገር መቼም አልጠግበውም፤ እናት ሆና ትጫወታለች፣ ልጇን ከምትጫወተው ከቢ አርተር ግን በአንድ ዓመት ገደማ ታንሳለች፤ አሳማኝነቷ ግን አንድም ቀን አልተጓደለም። ቤቲ በመጀመሪያ የታሰበችው ብላንሽ ለተባለችው፣ ወንድ ለምትወደው ገጸ ባሕርይ ነበር፤ ምክንያቱም በሜሪ ታይለር ሙር ዝግጅት ላይ ከ1973 ጀምሮ ሱ አን ኒቨንስ የተባለች፣ ፊቷ ማር የሆነ፣ ምላሷና ምኞቷ ግን ሌላ የሆነ ሴት ተጫውታ ሁለት ኤሚ፣ ማለትም የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት፣ ወስዳ ነበር። ዳይሬክተሩ ጄይ ሳንድሪች ሕዝቡ ሱ አን ተመለሰች ይላል ብሎ ሠጋና ከሩ ማክላናሃን ጋር አቀያየራቸው። ቤቲ ሮዝ ሆነች። ሮዝ ቂል አይደለችም፤ የተነገራትን ሁሉ እንደተነገራት የምታምን ሴት ናት። ቤቲ በስልሳ ሦስት ዓመቷ፣ ሁለት ፍቺና አንድ ቀብር አልፋ፣ ያንን የዋህነት ከየት እንዳመጣችው ሳስብ እገረማለሁ። እንዲያውም የመጀመሪያው ዓመት የኤሚ ሽልማት የእሷ ሆነ፤ በኋላ አራቱም አገኙት።

ሮዝ ስለሟቹ ባሏ ስለ ቻርሊ ታወራለች፤ ከዋና ዋና መታወቂያዎቿ አንዱ ነው። ሕዝቡ የሚስቀው የትውልድ መንደሯን የሴንት ኦላፍን ወሬ ስትጀምር ነው፤ ወሬው ወደ ቻርሊ ሲታጠፍ ግን ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ይለወጣል፣ ወይም እኔ ስለማውቅ የተለወጠ ይመስለኛል። ጽሑፉን የጻፉት ጸሐፊዎች ናቸው፤ ገጸ ባሕርይዋንና ሰውየዋን ማምታታት ለተዋናይ ሙያ ንቀት መሆኑን ስንት ጊዜ እዚህ ተናግሬአለሁ። በአቋሜ አሁንም አለሁ። ግን በሰባት ምዕራፍ፣ በ180 ክፍሎች ውስጥ ባል የሞተባትን ሴት ስትጫወት የራሷን ሐዘን ቤት ትታው ትመጣ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ምናልባት ከሐዘኗ የምታርፍበትም ቦታ ይኸው ሊሆን ይችላል። አላውቅም፤ ይህን ሐሳብ እዚህ ላይ ልተወው።

ሌሎች እምቢታዎቿን አስቡ። በ1990ዎቹ ውስጥ ዳይሬክተሩ ጄምስ ብሩክስ ለትልቅ ፊልም ሲፈልጋት፣ ታሪኩ ውስጥ ውሻ በቆሻሻ መጣያ ቱቦ ስለሚወረወር አልሠራም አለች፤ ፊልሙ ያለ እሷ ተሠራ፣ ስሙም ገነነ፣ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጸጸታትም። ሳተርደይ ናይት ላይቭ የተባለውን የቀልድ ዝግጅት ደጋግማ እንቢ ብላ ነበር፤ በፌስቡክ የተነሣው ዘመቻና የወኪሏ ውትወታ ተደርቦ በ2010፣ በሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ ቀርባ ሌላ ኤሚ ይዛ ወጣች። በዚያው ዓመት ሆት ኢን ክሊቭላንድ በተባለው ሲትኮም ላይ ለአንድ ክፍል ብቻ ብላ ገብታ እስከ 2015 ድረስ እዚያው ቆየች። እንግዲህ እንዲህ ብዬ ላስብ ሞከርኩ፤ ለሥራ ያለችው እምቢታ ጠቀማት፣ ለሰው ያለችው ጎዳት። ይህን ጮክ ብዬ ስናገረው ግን ራሴም አላምነውም። ሥራሽን ተዪ ላላት ባል ያለችው እምቢታም ለሰው ነበር፤ ያንን ባትል ኖሮ ሉደንን የምታገኝበት መንገድ ራሱ አይኖርም ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ እስካሁን ካልኩት ሁሉ ጋር ይጋጫል። ዲሴምበር 31 ቀን 2021 ስትሞት መቶ ዓመት ሊሞላት አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷት ነበር፤ ዓለም ሁሉ ያዘነው ለእነዚያ አሥራ ሰባት ቀናት ነበር። እኔም አዝኜ ነበር፣ ያኔ የነገርኳችሁን ታስታውሳላችሁ። ለእሷ ግን የጎደለው ጊዜ ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ ነው። እኔ ያንን ዓመት ስከላከልላት፣ የቀድሞዋን ሴት፣ ጠንቃቃዋን፣ የምወዳትን ተዋናይ እየተከላከልኩ ይሆን? ወይስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የራሴን መዘግየት? ሁለቱ በደንብ አልተለዩልኝም።

አሁን የቀረኝ የእሱ ወገን ነው። ተረኩ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ አንደበት ነው፤ ቀለበቱን አንገቱ ላይ አስሮ የዞረው ሰው ዓመቱን እንዴት ቆጥሮት ይሆን? ከመጋባታቸው በፊት እሷ በእንግድነት የቀረበችባቸው የፓስወርድ ክፍሎች አሉ፤ እሱ ውድድሩን ሲመራ፣ እሷ ፍንጭ ስትሰጥና ስትገምት ይታያሉ። ዛሬ ማታ ከእነሱ እጀምራለሁ። የመጀመሪያውን ከሰላምታው ጀምሬ፣ እንዴት እንደሚያያት፣ እሷ ደግሞ ስትስቅ ወዴት እንደምታይ... ምንም ላላገኝም እችላለሁ፤ ካሜራው ብዙውን ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ ላይ ነው የሚቆየው፣ ደግሞም ሁለቱም በሙያቸው የተካኑ ሰዎች ስለሆኑ...