«ፕሮባብሊ» የት ይግባ?

እሱ፦ እንኳን በደህና መጣችሁ። ድሬ ዛሬም እየጠበሰችን ነው፤ ከጀርባ የምትሰሙት ድምፅ የቬንትሌተሩ ነው።

እሷ፦ አቦ፣ ወደ ጉዳዩ ግባ!

እሱ፦ እሺ። የዛሬው ጉዳያችን እንደ «ቱሞሮ» እና «ፕሮባብሊ» ያሉ ቃላት በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የት ይግቡ የሚለው ነው። ነገ ሐረር እሄዳለሁ ለማለት «አይ ዊል ቱሞሮ ጎ ቱ ሐረር» የሚል ሰው አለ።

እሷ፦ አማርኛችን ስቦት ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለምናመጣ «ነገ» የግድ ይቀድመዋል። እንግሊዝኛ ግን «ቱሞሮ»ን ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «አይ ዊል ጎ ቱ ሐረር ቱሞሮ»። ቦታው ይቀድማል፣ ጊዜው ይከተላል።

እሱ፦ «ሱን»ስ፣ በቅርቡ የሚለው?

እሷ፦ እሱ መሃል መግባት ይችላል። «ዘ ትሬይን ዊል ሱን አራይቭ» ትላለህ።

እሱ፦ ባቡሩን አመጣሽው እንግዲህ! እኔን የሚያምታታኝ ግን «ፕሮባብሊ»፣ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ነው።

እሷ፦ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። «አይ ዊል ፕሮባብሊ ጎ» ስትል ከ«ዊል» በኋላ ገባ። አልሄድም ይሆናል ስትል ግን «አይ ፕሮባብሊ ዎንት ጎ» ነው፤ ከ«ዎንት» በፊት።

እሱ፦ ምን ገለበጠው?

እሷ፦ አልተገለበጠም እኮ። «ዎንት»ን ፍታው፦ «አይ ዊል ፕሮባብሊ ኖት ጎ»። ይሄም ትክክል ነው፣ ትንሽ ኮስተር ይላል እንጂ። «ፕሮባብሊ» በሁለቱም ከ«ኖት» ፊት ነው። «ዊል» እና «ኖት» ሲጣበቁ መሃላቸው መግቢያ ያጣል፤ ስለዚህ ወደ ፊት ይወጣል።

እሱ፦ ታዲያ ሁሉም ከ«ዎንት» በፊት ይሁና!

እሷ፦ ኧረ ቆይ። «ኢት ዎንት ኦልዌይስ ቢ ሆት» ነው የሚባለው። ሁልጊዜ አይሞቅም፣ የሚቀዘቅዝበት ቀንም አለ ማለት ነው። እዚህ «ኖት» የሚያፈርሰው «ኦልዌይስ»ን ነው፤ ስለዚህ ይቀድመዋል። «ፕሮባብሊ»ን ግን አያፈርሰውም፤ ጥርጣሬው እንዳለ ይቆያል።

እሱ፦ በ«ዊል» ፋንታ «ጎይንግ ቱ» ሲሆንስ?

እሷ፦ ቀላል ነው። «አይ አም ፕሮባብሊ ጎይንግ ቱ ስቴይ»፤ ከ«አም» በኋላ።

እሱ፦ እስቲ ልሞክር። «ዊ ፕሮባብሊ ዎንት ጎ ቱ ከፊራ ቱሞሮ»።

እሷ፦ ጎበዝ! ግን ነገ ገበያ ልትወስደኝ ቃል ገብተህ የለ?

እሱ፦ በቃ፣ «ዊ ዊል ዴፊኒትሊ ጎ»፤ በእርግጠኝነት እንሄዳለን።

እሷ፦ እሱም ቦታውን ይዟል።