ለመልቀቅም ጉልበት ይጠይቃል

ሜሮን፦ ዳዊት፣ ቅርጫው ላይ ያልከኝን እስቲ ድገመው። ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዳዊት፦ ስለሚርገበገበው ሥጋ? በሬው ታርዷል፣ ቆዳው ተገፏል፣ ብልቱ ወጥቷል። ቅጠሉ ላይ ያለው ሥጋ ግን ይንቀጠቀጣል። ልጆቹ «አልሞተም!» እያሉ ሮጡ።

ሜሮን፦ እኔም ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

ዳዊት፦ ሴሎቹ ገና ኤቲፒ አላቸው። የሴል ነዳጅ በይው። ከሰዓታት በኋላ ሲያልቅ ሥጋው ግትር ይላል።

ሜሮን፦ ያልገባኝ እሱ ነው። ነዳጁ ካለቀ መላላት አልነበረበትም?

ዳዊት፦ ሁላችንም እንደዚያ ነው የሚመስለን። ጡንቻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክር አለ። አክቲን የተወጠረ ገመድ ነው። ማዮሲን ደግሞ ብዙ ራሶች አሉት። ራሱ ገመዱን ይይዛል፣ ይስባል። ከዚያ የሚለቀው አዲስ ኤቲፒ መጥቶ ሲጣበቅበት ብቻ ነው። ካልመጣ እንደያዘ ይቀራል።

ሜሮን፦ ሬሳ የሚደርቀውም በዚሁ ነዋ! ሽማግሌዎቹ «ሳይደርቅ ገንዙት» የሚሉት ለካ ወደው አይደለም።

ዳዊት፦ በትክክል። ቆይቶ ተመልሶ የሚላላው ፕሮቲኖቹ ራሳቸው መፈራረስ ሲጀምሩ ነው።

ሜሮን፦ በቁም ያለ ሰውስ?

ዳዊት፦ እሱን ልብ ላይ እናገኘዋለን። ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ የሚባል የልብ ጡንቻ በሽታ አለ። ስሙ ራሱ ያደክማል። በአብዛኛው በዘር ይወረሳል፣ ከ500 ሰው አንዱ ገደማ ላይ ይታያል። በብዙዎቹ ላይ ከሚገባው በላይ የማዮሲን ራሶች ገመዱን ይይዛሉ። የልቡ ግድግዳ ይወፍራል። መጨመቁንስ ይጨመቃል፤ መላላቱ ነው የሚያቅተው። ካልላላ ደግሞ ደም በደንብ አይሞላም።

ሜሮን፦ ታዲያ መድኃኒቱ ልብ ማበርታት አይደለማ።

ዳዊት፦ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ማቫካምተን የሚባል እንክብል አለ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2022 ፈቅዳዋለች፣ በበሽታው የልባቸው የደም መውጫ ለጠበበባቸውና ምልክቱ ለሚታይባቸው አዋቂዎች። ማዮሲኑ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ ገመዱን የሚይዙትን ራሶች ቁጥር ይቀንሳል።

ሜሮን፦ ከበዛስ?

ዳዊት፦ ልብ ይደክማል። ስለዚህ በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። የግራው ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚያስወጣ ይለካል። ከ50 በመቶ ከወረደ እንክብሉ ይቆማል።

ሜሮን፦ በቃ ለዘላለም?

ዳዊት፦ ኧረ ለጊዜው ነው። ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቃል፣ ልቡ ሲያገግም በአነስተኛ መጠን እንደገና ይጀመራል።