ደብተሩ ከጉድጓዱ ጋር ይቅር
(በመሃል አዲስ አበባ ለሕንፃ ባለቤቶችና ለጥገና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም ፍልውሃ አካባቢን ባይወዱት ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተሰበሰብን ነበር። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ከመሬት በሚወጣ ውሃ ዙሪያ ነው። ዛሬም በዚያው ውሃ ላይ ተቀምጠናል። ችግሩ አንለካውም።

ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የራሱ ጉድጓድ ያለው ሕንፃ እፎይ ይላል። ሮቶው ሞልቷል፣ ማን ይጨነቃል? ውሃው አሁን ስንት ሜትር ላይ ነው ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣልኝ የቆፋሪው ወረቀት ነው። ያ ወረቀት የአንድ ቀን ወሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አልፏል፣ ስንት ጎረቤት ቆፍሯል።

የእጅ ጉድጓድ ክረምቱን ቶሎ ይሰማል። ሐምሌና ነሐሴ ይነሳል፣ በጋው ሲገፋ ይወርዳል። በማሽን የተቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ ቀርፋፋ ነው። ውሃው ብዙውን ጊዜ በማያሳልፍ አለት ሥር ታፍኖ ስለሚቀመጥ የዘንድሮን ዝናብ ወዲያው አያሳይም። የጎረቤትን ፓምፕ ግን ያሳያል። ስለዚህ ግንቦት ላይ የወረደ ጉድጓድ ብቻውን አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ የዘንድሮው ግንቦት ከአምናው፣ የአምናው ከካቻምናው እየወረደ ሲሄድ ነው። ይህን ደግሞ ዓመታት የተጻፈበት ደብተር ካልሆነ ማንም አይነግራችሁም።

በጋውን ሙሉ የማይወርድ የእጅ ጉድጓድ ያላችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። መሃል ከተማ ላይ ከሚያፈስ ቧንቧ ወይም ከሽንት ቤት ጉድጓድ እየተሞላ ሊሆን ይችላል። ናይትሬት (ከሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውሃ ሊገባ የሚችል ኬሚካል) እና ጀርም አስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ዲፕ ሜትር የሚባለው ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮህ ሜትር ነው። ክዳኑን አንሱ፣ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሲጮህ ትንሽ ሳቡት፣ መልሳችሁ አውርዱት። ልክ በሚጮህበት ቦታ ሜትሩን ከኬሲንጉ (ጉድጓዱን ከሚደግፈው ቱቦ) ጠርዝ ጋር በአውራ ጣት ያዙና አንብቡ። አንድ ጊዜ ድገሙት። ጠርዙ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ ለኩ። ከእጅ ጉድጓድ ወደ ጥልቁ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትሩን በበረኪና አጥባችሁ አለቅልቁት።

ደግሞ ፓምፑ ይረፍ! ማለዳ፣ ከመነሳቱ በፊት። ፓምፕ እየሠራ የተለካና ፓምፕ አርፎ የተለካ ተደባልቆ የተጻፈበትን ደብተር ምንም ልሠራበት አልችልም። አቅም ያላችሁ ዳታ ሎገር፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ሆኖ ግፊቱን በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ አስገቡ፤ እሱ ሌሊቱንም ይጽፋል። ከሚመዘግበው ቁጥር ላይ የአየር ግፊቱን መቀነስ ግን አትርሱ፤ አንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ነው።

ገና የምትቆፍሩ ከፓምፑ ቧንቧ ጎን ቀጭን የመለኪያ ቱቦ አስገቡ። ያለ እሱ ሜትሩ ከኬብሉ ጋር ይጠላለፋል። ይህን በውሉ ውስጥ አጽፉት። የእጅ ጉድጓድ ያላችሁ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ፈቃድ አይጠየቅባችሁም። በዚህ ምክንያት ብዙ የእጅ ጉድጓድ መዝገብ ውስጥ አይገባም። የእናንተ ደብተር ያንን ክፍተት ይሞላል።

ጉዳዩ የየግቢያችን ብቻም አይደለም። የከተማችን የከርሰ ምድር ውሃ በጥቅሉ ከእንጦጦ ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ይሄዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ከተማዋን ያጠጣሉ። እኛ መንገዱ መሃል ላይ ነን። እዚህ የምናየው ለውጥ ታች ላሉትም ወሬ ነው።

የምለምናችሁ በወር አንድ ማለዳ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጥልቀቱንና ፓምፑ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ ጻፉ። ዲፕ ሜትር ውድ ከሆነባችሁ ሦስት አራት ሕንፃ ሆናችሁ አንድ ግዙ። ቴክኒሻኑ ሲለቅ ወይም ሕንፃው ሲሸጥ ደብተሩ ከሰው ጋር አይሂድ፤ ከጉድጓዱ ጋር ይቅር።

አመሰግናለሁ።