ከሌላው ሰው ይበልጥ

ባለፈው የጀመርኩላችሁን የጫጫውን ሹፌር ታሪክ መጨረሻ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ይቆየን። ዛሬ ስለ እቴቴ ነው። አዎ፣ ያችው እቴቴ፣ ሚያዝያም ላይ ጋቢዋን የማትጥለው።

አዲስ አበባ፣ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ። የሆርሞን ስፔሻሊስት ነው፤ ገና ወጣት። «እማማ፣ ብርድ ይበረታብዎታል?» አላት። «ደብረ ብርሃን አይደል እንዴ የምንኖረው ልጄ» አለችው። እውነቷን ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ነን። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። እዚህ አገር ማን ነው በረደኝ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ?

እሱ ግን አልሳቀም። «ከሌላው ሰው ይበልጥ ማለቴ ነው» አላት።

ዝም አለች። በጣም ቆየች። ከዚያ «ከሌላው ሰው ጋር ማን አስተያይቶኝ ያውቃል?» አለች። በምሬት እንዳይመስላችሁ። የጤፍ ዋጋ እንደምትነግረው አድርጋ ነው ያለችው።

ቆይ፣ ከዚያ በፊት ነጠላዋን ፈትታለች። እንቅርት እንዳለባት ሁላችንም እናውቃለን፤ በደጋው አገር ብርቅ አይደለም። አንገቷን ተገልጦ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሐኪሙ ከኋላዋ ቆሞ ጣቶቹን አንገቷ ላይ አሳረፈና «ውሃ ይጎንጩ» አላት። ስትውጥ እብጠቱ አብሮ ወጣ፣ ወረደ። ቀጥሎ በትንሽ መዶሻ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት መታ አደረገው። «ተመልከቺ» አለኝ። እግሯ ወዲያው ረገጠ። ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ዝግ ብሎ ነው። ደገመው። አሁንም ዝግ ብሎ። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ የሚሠራው ሆርሞን ሲያንስ ጡንቻው ዘግይቶ ነው የሚፍታታው አለኝ።

እኔ ግን እግሯን እያየሁ ሌላ ነገር አስባለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «እሷ ዝግ ያለች ናት» ሲላት ነው የኖረው። ድግስ ላይ «ተዋት፣ እሷ እስክትነሣ ይነጋል»። እንቅልፏ፣ የድምጿ መጎርነን፣ የቆዳዋ መድረቅ፣ ሁሉም ጠባይዋ ተባለ። ደሟ ሲታይ ቲኤስኤች የሚባለው፣ ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን ከፍ ብሏል። አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ፣ ፒቱታሪ፣ ታይሮይዷን ሥሪ እያለች ምልክቱን ታበዛለች፤ ታይሮይዷ ደግሞ አልቻለችም።

የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ በ25 ማይክሮግራም ጀመረላት። በዕድሜ ለገፋ ሰው ቀስ ተብሎ ነው የሚጨመረው፤ ለልብ ተብሎ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ እንደገና ደም ይታያል። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል። ቡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነና ደም ማነስም ተገኘባት። የብረት ኪኒኑ ደግሞ ከዚህኛው 4 ሰዓት መራቅ አለበት።

ቡናው እሺ። ጾሙስ? እቴቴ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም። «ጾሜን ሽሬ ኪኒን አልውጥም» አለች። ሐኪሙ አልተከራከራትም፤ ይህን ወደድኩለት። «እንግዲያው ማታ ይዋጡት፤ እራት ከበሉ 3 ሰዓት ቆይተው፣ ሲተኙ» አላት። እንዲያም ይሆናል ለካ።

ኧረ ጨውም አለ። አዮዲን ሲያንስ ነው እንቅርት የሚበዛው። በደጋ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ጠርጎ ይወስደዋል። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ ወጥቷል። እኛ ግን ከረጢቱን ከፍተን ፀሐይ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ አዮዲኑ ይተናል። ያናድደኛል። እባካችሁ ክደኑት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። እንቅርት የቆየበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር አዮዲን ገዝቶ አይውሰድ፤ ሆርሞኑ ያለ ልክ ሊበዛበት ይችላል።

እና አሁን... አሁን ትቆጣለች። እቴቴ! ባለፈው «ለምንድን ነው የማትደውይው?» ብላ ጮኸችብኝ። ደስ አለኝ፣ ደነገጥኩም። እኔ የማውቃት ያችን ጸጥተኛዋን ነው። እሷ በሽታው ነበረች ማለት ነው? አይ፣ እንዲህ አይባልም። ምናልባት ድሮም ትናደድ ነበር፤ አቅሙ ነው ያልነበራት። ወይስ መጠኑ በዝቶባት ይሆን? ሲበዛም እኮ ሰው ይነጫነጫል፤ ልብ ይመታል፤ እንቅልፍ ይጠፋል። የሚቀጥለው ምርመራ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለሐኪሙ ምን ብዬ እንደምነግረው ግን... ትቆጣለች ልበለው? በምን መድኃኒት ሊያስተካክለው ነው? ደግሞስ የምትቆጣበት ነገር ጠፍቶ ነው? እንጃ...