ከረጢቱ ለምን ተለጠፈ? ስለ ጊዜያዊ ስቶማ

ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾቻችን! የዛሬው ርእሳችን ስቶማ፣ ማለትም ሰገራ እንዲወጣበት ሆድ ላይ የሚከፈት ቀዳዳ፣ ነው። የሬክተም፣ ማለትም የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ሆድ ላይ ስለሚለጠፈው ጊዜያዊ ከረጢት እንነጋገራለን።

የመስኖ ቦይ ሲጠገን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቦዩ ተደርምሷል። ገበሬው የፈረሰውን ጠርጎ ያወጣል፣ ድንጋይ ይደረድራል፣ በጭቃ ይመርጋል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ውኃውን አሁኑኑ ቢለቅበትስ? ጠራርጎ ይወስደዋል! ስለዚህ ከላይ በኩል ቦዩን ይቀድና ውኃውን ወደ ጎን ያዞረዋል። ጭቃው እስኪደርቅ ብቻ። እስኪደርቅ ብቻ! ደግሞ ልብ በሉ፤ ውኃ ማዞር ጭቃውን አያጠነክረውም። ነገር ግን ስንጥቅ ቢፈጠር እንኳ የሚያልፍበት ውኃ ስለሌለ ማሳው በጎርፍ አይጠፋም።

ስቶማም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ የታመመውን ክፍል ያወጣል፣ የቀሩትን ጫፎች በስፌት ያገናኛል፣ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ጥምዝ ስቦ ሆድ ላይ ይከፍታል፤ ኢሊዮስቶሚ ይባላል። በስዊድን በ234 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ለሕመም የዳረገ የስፌት መፍሰስ ስቶማ ከሌላቸው 28 በመቶውን፣ ካላቸው 10 በመቶ ያህሉን አጋጥሟል።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደ ጻፋችሁልኝ ነገር ልምጣ። «ከረጢት ከተለጠፈ ካንሰሩ አልወጣም ማለት ነው።» አይደለም! የተለጠፈው እኮ የታመመው ወጥቶ ጤነኛው ከጤነኛው ስለተሰፋ ነው። ይህ ወሬ ያናድደኛል፤ ሰው ከጎረቤት እንዲሸሸግ፣ ከቤተ ክርስቲያን ከመስጊድ እንዲቀር ያደርጋል። አንዳንዶች ደግሞ በፊንጢጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲወጣ «ተመለሰብኝ» ብለው ይደነግጣሉ። ታችኛው አንጀት ሰገራ ባያልፍበትም ያንን ፈሳሽ ማመንጨቱን አያቆምም። ደም፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ግን ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

መቼ ይዘጋል? ስፌቱ መዳኑ በምርመራ ሲረጋገጥ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ። ኬሞቴራፒ ካለ ይዘገያል። ሳይዘጋ የሚቀርበትም ሰው አለ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይህን በግልጽ ጠይቁ።

የከረጢት አቀያየሩን በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ፤ ቻናሉን ተከታተሉ። እስከዚያው አንድ አደራ አለኝ። በኢሊዮስቶሚ የሚወጣው ትልቁ አንጀት ሳይመጥጠው ስለሆነ ውኃና ጨው ይዞ ይሄዳል። በቀን ወደ 2 ሊትር ከደረሰ ውኃ ብቻ መጠጣት አይበቃም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ከጤና ጣቢያና ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ለምለም (ኦ.አር.ኤስ የሚባለውን ዱቄት) በጥብጣችሁ ጠጡ፤ በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ ደውሉ።