መንገዱና ሐዲዱ የሚለያዩበት ድልድይ

የተከበራችሁ የከተማ አመራሮች፣ የመንገድ መሐንዲሶች፣ የሾፌሮችና የነዋሪዎች ተወካዮች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ተሽከርካሪ የሚበዛበት መንገድ ከባቡር ሐዲድ ጋር በአንድ ደረጃ የሚገናኝበት ማቋረጫና እሱን በድልድይ የመተካቱ ነገር ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከፍሬን ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ብዙም ግን አይቆነጥጥም። ባቡር በትንሽ ጉልበት ብዙ ጭነት የሚጎትተው በቀላሉ ስለሚንከባለል ነው፤ ቶሎ መቆም የሚያቅተው ደግሞ ስለማይቆነጥጥ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የጭነት ባቡር በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ0.3 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ እስኪቆም ከ800 ሜትር በላይ ይሄዳል። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ደግሞ ከቆመበት ተነስቶ ሐዲዱን ጨርሶ እስኪለቅ 14 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ባቡሩ በዚያው ጊዜ 310 ሜትር ይመጣል። ኩርባ ወይም ቤት ጋርዶት 200 ሜትር ብቻ የሚታየው ሾፌር ግራ ቀኙን አይቶ ቢነሳም ሊገጭ ይችላል። ያን ሾፌር ጥንቃቄ አጎደለ ብለን መውቀስ የለብንም፤ ጥፋቱ የቦታው ነው።

ማቋረጫውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ለባቡሩ ጎማ ከንፈር (ጎማውን ከሐዲዱ እንዳይወጣ ለሚይዘው ጠርዝ) ከሐዲዱ ጎን የሚተወው ክፍተት ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የብስክሌት ወይም የጋሪ ጎማ በሰያፍ ከገባበት ይያዛል። አስፋልቱ ሐዲዱ ላይ ጉብታ ከሠራ ኤክስካቫተር የጫነ ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ) በሆዱ ይቀመጥና መውጣት ያቅተዋል። በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ ከሐዲዱ በላይ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለ። ከልክ በላይ ወደ ላይ የጫነ መኪና ሽቦውን ባይነካው እንኳ ከቀረበው ኤሌክትሪኩ ሊዘልበት ይችላል።

መብራት፣ ደወልና መዝጊያ ክንድ ጥቂት መኪና በሚያልፍበት ቦታ ይጠቅማሉ። ሰልፉ በረዘመበት ቦታ ግን መዝጊያውን በጎን ዞሮ የሚያልፍ አይጠፋም። ህንድ በቀን የሚያልፉትን ባቡሮች በተሽከርካሪዎቹ ብዛት ታባዛለች፤ ውጤቱ 100,000 ሲደርስ ማቋረጫውን በድልድይ መተካት ይታሰባል። 20 ባቡርና 5,000 ተሽከርካሪ እዚያ ያደርሳል። ስሌቱ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለእኛ ግን አይበቃንም፤ እግረኛውንና መንጋውን አይቆጥርምና። ስለዚህ ንድፍ ከመነደፉ በፊት ለሰባት ቀን፣ የገበያውን ቀን ጨምሮ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚሻገረው ሁሉ ይቆጠር፦ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ተማሪው፣ ግመሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማን ከፍ ይበል የሚለው ጥያቄ ነው። ሐዲዱን በ1 በመቶ ዳገት 7 ሜትር ለማንሳት በእያንዳንዱ ወገን 700 ሜትር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው መንገዱ ነው። መንገዱ በላይ ካለፈ፣ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ከሐዲዱ ራስ እስከ ድልድዩ ሆድ ከ6.5 እስከ 7 ሜትር መተው ይኖርበታል። የተሸካሚው ውፍረት ሲጨመር አስፋልቱ 8.5 ሜትር ገደማ ይነሳል። በ5 በመቶ ዳገት ይህ በየወገኑ 170 ሜትር ነው፤ ዳገቱ ከሜዳው ጋር የሚለሰልስበት ርቀት ሲታከልበት ደግሞ ከ200 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ርዝመት ሁሉ የሱቆች ደጃፍ በግንብ ይዘጋል። ስለዚህ በግራና በቀኝ መጋቢ መንገድ መተው አለበት፤ ወጪውና ካሳውም ከመጀመሪያው በበጀት ይያዝ።

በሥር ማለፍ አጭር ነው፤ 6.5 ሜትር ገደማ መውረድ ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ውሃው ነው። አንድ ሄክታር መሬት ላይ በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይመጣል። ፓምፕ ይገባለታል ልትሉ ትችላላችሁ። ነገር ግን በክረምት መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ያው ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ነው። ውሃው በራሱ ቁልቁለት ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ የሚወርድበት መውጫ ከሌለ፣ በሥር የሚያልፍ መንገድ አትምረጡ።

በላይ የሚያልፈው ድልድይም የራሱ ሕመም አለው፤ ይኸውም መንገዱን እስከ ድልድዩ ከፍ የሚያደርገው የአፈር ሙሌት ነው። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እሱ ተነስቶ በተመረጠ አፈር ካልተተካ፣ ሙሌቱም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ እየተጠቀጠቀና እየተፈተሸ ካልተሠራ፣ መንገዱ ይሰምጣል፤ ድልድዩ ግን በቦታው ይቀራል። መኪና ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ የሚያነጥረው እርከን የሚመጣው ከዚህ ነው። በመግቢያው ላይ ከ4 እስከ 6 ሜትር የሚረዝም የመዳረሻ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ወለል) መጣል ይህን ያለዝበዋል።

እግረኛውን አደራ እላለሁ። 8.5 ሜትር ማለት ከ50 የሚበልጥ ደረጃ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ያዘለች እናት ያን ሁሉ ወጥታ እንድትወርድ ከጠየቅናት ሐዲዱን አቋርጣ ብትሄድ አይፈረድባትም። ቦታው ከፈቀደ ከሐዲዱ ሥር 3 ሜትር ስፋት ያለው፣ ቀጥ ያለ፣ ከአንዱ አፍ ሌላኛው የሚታይ፣ መብራት ያለው መተላለፊያ ይሠራላት። ለከብትም እንዲሁ፤ በአፋርና በሶማሌ በኩል ግን ከፍታው ለግመል የሚበቃ ይሁን። በድልድዩ ላይ ከሽቦው ትይዩ ያለው አጥር ቀዳዳ የሌለውና 1.8 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቢሆን ልጆች ሽቦ ወይም ብረት አያሾልኩበትም።

ግርደር፣ ማለትም የድልድዩ ተሸካሚ፣ በክሬን ተነስቶ ቦታው ላይ የሚቀመጠው ባቡር በማይኖርበት የሌሊት ሰዓት ነው። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ ኃይል ይቋረጥ፣ መቋረጡ በመሣሪያ ይረጋገጥ፣ ሽቦው ከሥራው ቦታ በግራም በቀኝም በኤሌክትሪክ ከመሬት ጋር ይገናኝ፣ ክሬኑ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ‘መብራት ጠፍቷል’ የሚል የስልክ ቃል አይበቃም።

ድልድዩ ለትራፊክ በተከፈተበት ዕለት ደግሞ የአሮጌው ማቋረጫ አስፋልት ከሐዲዱ በሁለቱም በኩል ተቆፍሮ ይነሳ፣ ቦታው ይታጠር፣ ምልክቶቹም ይነቀሉ። ይህ ሥራ ከኮንትራቱ ዝርዝር ውስጥ የራሱ ዋጋ ተሰጥቶት ይግባ፤ የመጨረሻው ክፍያም እሱ ሳይጠናቀቅ አይለቀቅ።

አመሰግናለሁ።